የጋሼ መሓሪ አሜን

ግንቦት መገባደጃ ላይ በዋለ እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል፣ በካናዳዋ ካልጋሪ፣ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር አጠገብ ባለ የኪራይ አዳራሽ ውስጥ፣ የአንድ የአማርኛ ጉባኤ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ወንድም ዳንኤል ማይክሮፎኑን ይዞ፣ "ጋሼ መሓሪ ጥፋታቸውን አምነው በንስሐ ተመልሰዋል፤ እስከ መስከረም ከማንኛውም አገልግሎት ያርፋሉ" ሲል ለጉባኤው አስታወቀ። ጋሼ መሓሪ አራተኛው መደዳ ላይ ነበሩ። ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን ከወንበሩ ሥር አነሡ፤ ሰው ሁሉ እያያቸው በመካከለኛው መተላለፊያ ወጡ።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። የሄድኩት ለሌላ ሥራ ነው፤ በሰኔ የሚጠመቁትን ወጣቶች ፎቶ ለጋዜጣችን ለማንሣት። የዚያ ጉባኤ አባል አይደለሁም፤ ቤተ ክርስቲያኔም ሌላ ነው። ጡረታ ለመውጣት አንድ እትም ቀርቶኝ ነበርና የመጨረሻው ሥራዬ ፈገግ ያሉ ልጆች ፎቶ ብቻ መሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ቁርሴን እስከ ረፋድ ድረስ እበላለሁ። ወሬ የሚነግረኝ ሰው ሲመጣ እስክሪብቶ አልፈልግም። ያለፈው ዘመኔ ምን እንደነበር ለሚጠይቁኝ ግን ጋሼ መሓሪ የወጡበትን ያን እሑድ ይዤ ብነግራቸው ይቀለኛል፤ የተማርኩት ሁሉ እዚያ ላይ ተፈትኗል።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ በአንድ ጋዜጣ የዜና ክፍል ነው። አለቃዬ አቶ ጌታሁን ይባሉ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ ቡናማ ሹራብ የማያወልቁ ሰው። ዜና ይዘን ስንገባ ከወረቀቱ በፊት እጃችንን ያያሉ። ስለ ወፍጮ ቤት ጽፈን ከሆነ ዱቄት፣ ስለ ጎርፍ ከሆነ ጭቃ ይፈልጋሉ። "ነካሽው?" ይሉኛል። ካልነካሁት ወረቀቱን ሳያነቡ ይመልሱልኛል።

ሁለተኛው ልማዳቸው ቃለ መጠይቅ ሲያልቅ ተነሥቶ አለመሄድ ነበር። የጻፉትን በሙሉ ለሰውየው ያነቡለታል። "ብለዋል ያልኩትን ብለዋል?" ብለው ይጠይቁታል፤ ሰውየው "ልክ ነው" እስኪል ድረስ እስክሪብቷቸውን አይከድኑም። ባለሥልጣን ይሁን ጫማ ሰፊ ልዩነት የለውም። ብዙዎቻችን ይህ ልማድ ጊዜ ይገድላል ብለን እናማቸው ነበር።

ሦስተኛው "ስለዚህ" የሚለው ቃል ላይ ያላቸው ጥርጣሬ ነው። ጽሑፋችን ውስጥ ሲያገኙት በእርሳስ ይከቡትና፣ "ይህን ማን አለ? ሰውየው ነው ወይስ አንቺ?" ይላሉ።

ድሬዳዋ ተመድቤ ሳለሁ አንድ የታወቀ የሳሙና ነጋዴ ሞተ ተባለ። ደጁ ድንኳን ተተክሏል፤ ጎረቤት ያለቅሳል፤ ያገኘሁት ሰው ሁሉ "አይ ሐጂ!" ይላል። ወደ አዲስ አበባ ደውዬ ነገርኳቸው።

"አስከሬኑን አየሽ?" አሉኝ አቶ ጌታሁን።

"አላየሁም፤ ግን ድንኳኑ..."

"ድንኳን አይሞትም። ሂጂና እዪ።"

ተመልሼ ሄድኩ። የሞቱት የነጋዴው እናት ነበሩ። ነጋዴው ራሱ በር ላይ ተቀብሎኝ ወንበር አመጣልኝ። ከዚያ ወዲህ "ስለዚህ" ብዬ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ካልጋሪ ከመጣሁ በኋላ በሥራ ቀን የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የወርሃዊው የአማርኛ ጋዜጣ ሪፖርተር ነበርኩ። ክፍያው ቤንዚኔን ይችል ነበር፤ ስለ ታክስ ወረቀቱ ባልናገር ይሻላል። አለቆቼ ብዙ ነበሩ፤ ከሁሉም ደህናው እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚሳሳት፣ ግን ስሕተቱ ሲነገረው የሚያመሰግን ልጅ ነበር። በረዶ የከተማውን የሰሜን ምሥራቅ ቤቶች የደበደበ ጊዜ ሰዉ ሁሉ "የእንቁላል ያህል ነበር" አለኝ። ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ግን ጥቂቱን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠው ስለነበር አውጥተው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። "የሎሚ ያህል" ብዬ ጻፍኩ። መኪናቸው የተጎዳባቸው ሰዎች ለረጅም ጊዜ በዚያ ሎሚ ተቀይመውኛል።

ወደ ጋሼ መሓሪ ልመለስ። አሥመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ እዚህ በአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጉባኤው ገና በሰው ሳሎን ሲሰበሰብ ወንበር ተሸክመው ከሚያመጡት አንዱ ነበሩ። ዓርብ ዓርብ ከሥራ መውጫ በኋላ፣ አቢዴል ሰፈር ባለው ቤታቸው ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ የጉባኤውን ወጣቶች ሰብስበው ያነባሉ። ያን ዓመት የሚያነቡት ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የኖረ አንድ እንግሊዛዊ ቄስ የጻፈውን ነበር።

ቄሱ ከጊዜው ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወጥተሃል ተብሎ ታስሮ ሊቀ ጳጳሱ ፊት ቀረበ። የተጠየቀውንና የመለሰውን በኋላ ራሱ በእንግሊዝኛ ጻፈው። የተማረ ሰው የሃይማኖት ክርክሩን በላቲን በሚጽፍበት ዘመን እሱ ባላገሩ በሚሰማው ቋንቋ ጻፈ። መጽሐፍ ላይ እጅህን ጭነህ ማል ሲሉት አልምልም ማለቱ፣ ጓደኞችህን አጋልጥ ሲሉት እምቢ ማለቱ፣ ሊቀ ጳጳሱ ተቆጥተው ቁምሳጥኑ ላይ ቡጢያቸውን ማሳረፋቸው ሁሉ አለበት። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ኖሮ፣ ጸሐፊው ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ታተመ። ጋሼ መሓሪ ከቤተ መጻሕፍት ተውሰው ወደ አማርኛ መለሱት። ልጆቹ በእንግሊዝኛ፣ እሳቸው በአማርኛ እየተቀባበሉ ያነቡታል። ቄሱን "እስረኛው" ይሉታል፤ ቤዝመንቱ ውስጥ ሌላ ስም የለውም።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያ የሚመጡ ልጆች እሑድ እሑድ ሰባኪውን "የት ላይ ተጽፏል?" እያሉ መጠየቅ ሲያበዙ ነው። ሽማግሌዎቹ ጋሼ መሓሪ ልጆቹን በመሪዎች ላይ እያነሣሡ ነው ብለው ሰጉ፤ ጠርተውም አነጋገሯቸው። ከዚያ ስብሰባ የወጣው ማስታወቂያ ነው እኔ ከኋላ ሆኜ የሰማሁት።

ሰኞ ከክሊኒክ ስወጣ አቢዴል ሄጄ ደጃቸው ፓርክ አደረግኩ። የልጅ ልጃቸው ሩት በር ከፈተችልኝ። ከሚጠመቁት አንዷ እሷ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። ጋሼ መሓሪ ሶፋው ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ ጉልበታቸው ላይ የበረዶ ከረጢት አድርገው ተቀምጠዋል።

"መጣሽ?" አሉኝ። "ጥሩ። እስረኛው ሲጠየቅ የሚጽፍለት አጥቶ ራሱ ጻፈ። እኔ አንቺን አገኘሁ። እነግርሻለሁ፤ ጻፊና አውጪልኝ።"

"ጋሼ፣ የእስረኛው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን የአንድ ወገን ወሬ ነው። ሊቀ ጳጳሱን ማን ጠየቃቸው?"

ሣቁ። "ስድስት መቶ ዓመት ዘግይተሻላ!"

"ዳንኤል ግን በሕይወት አለ። እሱንም እጠይቃለሁ።"

"ጠይቂው። ጥፋቴን አምናለሁ አላልኩም፤ ይኸው ነው።"

"ታዲያ ከየት አመጣው?"

በረዶውን ወደ ሌላው የጉልበታቸው ጎን አዞሩት። "ተነጋገርን፤ አልተግባባንም። እንደ ደንቡ በጸሎት እንዝጋ አሉ። 'እንጸልይልዎ' አለኝ ዳንኤል። እንጸልይልህ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ተንበረከክሁ። እጃቸውን ጫኑብኝ። 'ጌታ ሆይ፣ ባሪያህን ይቅር በለው' ብሎ ጸለየ። አሜን አልኩ።"

"አሜን አሉ?"

"ጽጌ! ጌታ ይቅር ይበልህ ተብዬ አሜን የማልልበት ቀን አለ እንዴ? ለጋራዡ አለቃዬ ይቅር ይበለው ብለሽ ብትጸልዪም አሜን እላለሁ!"

"ጉልበቱ የተተካ፣ ሪፕሌስመንት ነው እኮ፣ እትዬ" አለች ሩት ከኩሽና በር። "ዶክተሩ አትንበርከክ፣ ዶንት ኒል ብሎታል። ሁለት ጊዜ!"

"ብሏቸዋል በይ" አሏት አያቷ።

"ብሏቸዋል። ግን ሰሙ? ኖ።"

ከዚያ ሣቅ የሌለበትን ነገረችኝ። በጉባኤው ሥርዓት አንድ ተጠማቂ የሚወደውን የእምነት ታላቅ ይመርጣል፤ የተመረጠው ሰው የጥምቀቱ ገንዳ ውስጥ አብሮት ገብቶ ክንዱን ይይዛል። ሩት አያቷን መርጣለች። ከአገልግሎት የታገደ ሰው ግን ገንዳ አይገባም። "እሱ ካልገባ እኔም አልገባም" አለች፤ እዚህ ላይ አያቷ አላረሟትም።

"ትገባለች" አሉኝ እሷ ወደ ላይ ስትወጣ። "በእኔ ጠብ ጥምቀቷን ከምታቆም ማስታወቂያውን ሺህ ጊዜ ቢያነቡት ይሻለኛል። ግን እሷ የማን ልጅ ናት? እምቢ ካለች አለች።"

ወንድም ዳንኤልን በማግሥቱ አገኘሁት። ሃምሳ የሚሆነው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ነገር የማያንዛዛ ሰው ነው። ክፋት አላየሁበትም። "እትዬ ጽጌ፣ እጄ ራሳቸው ላይ ነበር" አለኝ። "ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ እንባ አውጥቶ፣ ይቅር በለው ሲባል አሜን ካለ ሌላ ምን ይባላል?"

ሁለቱን ላገናኝ ብዬ ቅዳሜ ሜይላንድ ሃይትስ አንድ ዶናት ቤት ቀጠርኳቸው። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የወደቀ ነገር አላስታውስም። ሁለቱንም "ምን ይፈልጋሉ?" ብዬ ጠየቅኩ። ጋሼ መሓሪ፣ "ዋሽተሃል ብለህ ከመድረክ እንድትናገር እፈልጋለሁ" አሉ። ዳንኤል፣ "ንስሐዎን እንዳይክዱ እፈልጋለሁ" አለ። "ውሸታም" የሚል ቃል ከአንዱ ወጣ፤ "ዐመፀኛ" የሚል ከሌላው። ቡናቸውን ሳይጨርሱ በሁለት በር ወጡ። ማታውኑ ዳንኤል ደውሎ፣ ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን እንደተዘጋ ቆጥረውታል አለኝ። ሩት ስሟን ከተጠማቂዎቹ አስወጣች። ለጋዜጣው ፎቶ ስትጠራ አልመጣችም።

እኔ ማንንም ለማስታረቅ አልሠለጠንኩም። የማውቀው አንድ ሥራ ነው። ዶናት ቤቱ ውስጥ ያን ሥራ ትቼ ሽማግሌ ልሁን ብዬ ነበር። አቶ ጌታሁን ቢያዩኝ ምን እንደሚሉ አሰብኩ፤ ሹራባቸውን ወደ ታች ስበው፣ "ምን ትፈልጋለህ ብሎ የሚጠይቅ ሱቅ ጠባቂ ነው። አንቺ ምን ሰማህ ብለሽ ጠይቂ" ይሉኝ ነበር።

ለዳንኤል ደወልኩ። "ለጋዜጣው እጽፋለሁ" አልኩት። "የሁለታችሁንም ቃል፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት አንብቤላችሁ፣ ልክ ነው ካላችሁኝ በኋላ ብቻ። ካልመጣችሁ የምጽፈው የለኝም።"

"ፍርድ ቤት ነው እንዴ፣ እትዬ?"

"ፍርድ ቤት ፍርድ አለው። እኔ የለኝም።"

ረቡዕ ከሥራ በኋላ በአዳራሹ የኋላ ክፍል ተቀመጥን፤ ሁለቱ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ። ሁሉም ሰው ያየውንና የሰማውን ብቻ ይናገራል አልኩ። ሌላው ከመመለሱ በፊት የሰማውን ይደግማል፤ ተናጋሪው "ልክ ነው" ካላለ ወደፊት አንሄድም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "የሰንበት ትምህርት ቤት መሰለ" ብሎ ሣቀ። ማንም አልተከተለውም።

መጀመሪያ ዳንኤል ተናገረ። "ጋሼ መሓሪ ተንበረከኩ። እጃችንን ጫንን። ጌታ ሆይ ይቅር በላቸው ብዬ ጸለይኩ። አለቀሱ። አሜን አሉ። ስለዚህ..."

እስክሪብቶዬን አነሣሁ። "ስለዚህን ማን አለ?"

"ምን?"

"አሜን አሉ ድረስ ይዣለሁ። ስለዚህ የሚለውን እሳቸው አሉት ወይስ አንተ?"

"እኔ ነኝ" አለ።

"እንግዲያው አሜን ላይ እናቁም። ጋሼ፣ ይድገሙት።"

ጋሼ መሓሪ ደገሙት። ተንበረከክሁ፤ ጸለዩልኝ፤ አለቀስኩ፤ አሜን አልኩ። "ልክ ነው" አለ ዳንኤል። ከዚያ ተራው የእሳቸው ሆነ።

"ያለቀስኩት" አሉ፣ "ጉልበቴን አሞኝ ነው።"

ዳንኤል ቀና አለ። የሰማውን መድገም ነበረበት። "ያለቀሱት ጉልበታቸውን አሟቸው ነው" አለ፤ ከዚያ ከደንቡ ወጥቶ፣ "ታዲያ ለምን ተንበረከኩ? ቆመው ይጸለይልዎ ነበር!" አለ።

"አራት ሰው እጁን ዘርግቶ እየጠበቀኝ? አንተ ትቆም ነበር?"

"አልቆምም።"

"እሺ፣ ድገመው።"

"አልቆምም ነበር" አለ ዳንኤል፤ ፊቱ ቀላ፤ ሽማግሌዎቹም ሣቁ፤ ጋሼ መሓሪም ሣቁ። ሣቁ ጥቂት ሲቆይ ዳንኤል ራሱ አቆመው። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አደረገና እንዲህ አለ፤ እንዳለው ጻፍኩት፤ "ጋሼ መሓሪ ጥፋቴን አምናለሁ ሲሉ አልሰማሁም። የሰማሁት አሜን ነው።"

አነበብኩለት። "ልክ ነው" አለ።

ቀጥሎ ጋሼ መሓሪ ሳይጠየቁ ተናገሩ። "ዳንኤል አልዋሸም። የመሰለውን ተናገረ። ዶናት ቤት ዋሽተሃል ያልኩትን አንሥቻለሁ።" ይህንንም አነበብኩላቸው። "ልክ ነው" አሉ፤ ተነሥተውም ውኃ ጠጡ።

ስለ ዓርቡ ንባብ ክርክሩ ረዘም አለ። በመጨረሻ ንባቡ እንዲቀጥል፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንዲገኝ ተስማሙ። ዓርብ የመጣው ዳንኤል ነበር። ቤዝመንቱ ውስጥ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጦ የመጨረሻውን ክፍል ሰማ፤ እስረኛው ተጠይቆ አልቆ ወደ እስር ቤት ሲመለስ።

"ከዚያስ?" አለ።

"አይታወቅም" አለችው ሩት።

"እንዴት አይታወቅም? ገደሉት? ለቀቁት?"

"ኖባዲ ኖውስ፣ ወንድም ዳንኤል። ያለን እሱ የጻፈው ብቻ ነው።"

ዳንኤል ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ አንቺ ብትኖሪ ምን ትጽፊ ነበር?"

"ወደ እስር ቤት ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማረጋገጥ አልተቻለም።"

"ኧረ ይጨንቃል!" አለ።

በሚቀጥለው እሑድ ዳንኤል በዚያው ማይክሮፎን፣ የቀደመው ማስታወቂያ ትክክል እንዳልነበረ፣ ጋሼ መሓሪ ጥፋት አምነዋል የተባለው የእሱ ግምት እንደነበረ፣ እገዳውም እንደተነሣ ተናገረ። ጋሼ መሓሪ አራተኛው መደዳ ላይ ነበሩ። ባርኔጣቸው ወንበራቸው ሥር ቆየ። ሩት ስሟን አስመለሰች።

ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ያን ቀን ወረደ። የአርባ ዓመት ሥራ ሲጠናቀቅ ሰው ያለቅሳል ይሉኛል፤ እኔ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ከፍቼ ዘፈንኩ። የሁለቱን ቃል እንዳነበብኩላቸው ለመጨረሻ እትሜ አስረክቤ ካሜራዬን ለሚተኩኝ ልጆች ሰጠኋቸው። እነሱ ወረቀቱን ትተው በስልክ ነው የሚያወጡት፤ ይሁን። እያንዳንዱን ቃለ መጠይቅ መልሰው እንዲያነቡ ነገርኳቸው፤ ጊዜ ይገድላል ብለው አጉረመረሙ፤ ይህም ደስ አለኝ።

የጥምቀቱ ቀን ፀሐያማ ነበር። የሚታጠፈው ገንዳ ከአዳራሹ ጀርባ፣ የመኪና ማቆሚያው ላይ ተተክሏል። ከዓመት ዓመት ተጠማቂዎቹ በብርዱ ስለሚጮኹ ዳንኤል ዘንድሮ ማሞቂያ አስገብቻለሁ ብሎ ደጋግሞ ነግሮኛል። "ሞቅ ያለ ነው፣ እትዬ፤ ጻፊው!" አለኝ ገመዱን እያሳየ።

ጋሼ መሓሪ በካልሲና በአሮጌ ሱሪ በመሰላሉ ወረዱ። ዳንኤል አንዱን ብብታቸውን ይዞ አወረዳቸው። ሩት ተከተለቻቸው። አያቷ ክንዷን ይዘው የሚነበበውን ጥቅስ በአማርኛ አሉላት፤ እሷ በእንግሊዝኛ መለሰችላቸው። ጠለቀች፤ ወጣች። ሰዉ አጨበጨበ።

የሁሉም ተራ ሲያበቃ ወደ ገንዳው ጠጋ ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ።

ውኃው ቀዝቃዛ ነበር።